ቤት ለነዋሪው ይነደፍ

አዲስ ቤት ሠርቶ የገባ ሰው፣ ወዳጅ ዘመዱ «ቤት ለእምቦሳ» እያለ ደጁን ሲረግጥለት፣ እርሱም «እምቦሳ እሰሩ» ብሎ በደስታ ሲቀበል፣ ከሁሉ አስቀድሞ እንግዳውን የሚያስገባው ወደ ሳሎኑ ነው፤ እንግዳውም የሳሎኑን ስፋት፣ የጣሪያውን ከፍታና የወለሉን ውበት አይቶ ባደነቀ መጠን ባለቤቱ የብዙ ዘመን ድካሙ የተካሰ ይመስለዋል። ነገር ግን እንግዶቹ መርቀው ከተሰናበቱ በኋላ፣ በዚያ ቤት ሌሊቱንም ቀኑንም የሚያሳልፉት ቤተ ሰቦች በምን ዓይነት ክፍል እንደሚተኙ፣ ልጆቹ ደብተራቸውን በየትኛው ጠረጴዛ ላይ እንደሚዘረጉ፣ የቤቱ እመቤት ከምድጃው ወደ ማዕዱ ስንት እርምጃ እንደምትመላለስ የሚጠይቅ እምብዛም አይገኝም። በከተማችን የምናማርርበት የቤት ጥበት ከመሬት ማነስ ብቻ የመጣ አይደለም፤ ታላቁ ምክንያት፣ ቤትን የምንነድፈው ለሚኖርበት ሰው መሆኑ ቀርቶ ለሚያየው ሰው መሆኑ ነው ብዬ አምናለሁ።

ይህ ጉዳይ እንደ ቀላል ነገር የሚታለፍ አይደለም። አንድ የመንግሥት ሠራተኛ ወይም አንድ ነጋዴ ዕድሜውን ሙሉ ቆጥቦ፣ እቁብ ጥሎ፣ ከዘመድና ከባንክ ተበድሮ የሚሠራው ቤት አብዛኛውን ጊዜ አንድ ብቻ ነው፤ ቦታውም እንደ ጥንቱ ሰፊ ጓሮ ያለው ሳይሆን በማኅበር ወይም በሊዝ የተገኘ፣ ስፋቱ 140 ወይም 175 ካሬ ሜትር የሆነ፣ ከግራና ከቀኝ የጎረቤት አጥር የተጠጋው ነው። ግንብ ሊሠራ የሚወድ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን እንዲያሰላ ወንጌል የሰጠውን ምክር ስለ ሲሚንቶና ስለ ብረት ዋጋ ብቻ የተነገረ አድርገን ልንረዳው አይገባም፤ የሚባክን ቦታም ወጪ ነውና፤ ያውም ግድግዳው ከቆመ በኋላ በምንም ገንዘብ የማይመለስ ወጪ ነው። ከንቱ ሆኖ የሚቀር አንድ ካሬ ሜትር መሠረት ይቆፈርለታል፣ ወለል ይነጠፍለታል፣ ጣሪያ ይከደንለታል፣ ቀለም ይቀባለታል፣ በየሳምንቱም ይጠረግለታል፤ ለነዋሪው ግን የሚመልስለት ምንም ነገር የለም።

አባቶቻችንና እናቶቻችን በዚህ ረገድ የነበራቸው ጥበብ ከእኛ የበለጠ እንደ ነበረ ማስተዋል ይገባል። በገጠር ጎጆ ውስጥ ምሰሶው መካከሉን ይይዛል፤ ግድግዳውን ተከትሎ በጭቃ የተሠራው መደብ ቀን የመቀመጫ፣ ሌሊት የመኝታ አገልግሎት ይሰጣል፤ ጓዳው እህሉንና የጠላ ጋኑን ይሸሽጋል፤ ቆጡ ደግሞ ከሰው ራስ በላይ ያለውን አየር እንኳ ሥራ ፈት እንዳይሆን ለዕቃ ማስቀመጫ ያውለዋል። ከዚህም በላይ የረቀቀ ምሳሌ የሚሻ ሰው ወደ ሐረር ይሂድ፤ በ1998 ዓ.ም በዓለም ቅርስነት በተመዘገበው በጀጎል ግንብ ውስጥ ያለው የሐረሪዎች ቤት ዋናው ክፍሉ አንድ ሲሆን፣ ወለሉ ነደባ በሚባሉ አምስት መደቦች ተከፍሎ፣ የመደቦቹ ከፍታና አቀማመጥ ለማን እንደሆኑ፣ ማለት ለአባወራው፣ ለተከበረው እንግዳ፣ ለሽማግሌው፣ ለወጣቱ፣ ያለ አንዳች ግድግዳ ለይቶ ያስታውቃል፤ የዕቃ መደርደሪያውም በግድግዳው ውፍረት ውስጥ ተቦርቡሮ ስለሚገኝ ከወለሉ አንዲት ጋት እንኳ አይወስድም። አንድ ክፍል አምስት ክፍል ሆኖ እንዲያገለግል ማድረግ ምን ያህል አእምሮ እንደሚጠይቅ የሚያውቀው፣ አምስት ክፍል ሠርቶ አንዱን ብቻ የሚጠቀም ሰው ነው።

የቤት ንድፍ ሥርዓት ምን እንደሆነ ለመረዳት ከዘወትር ልማዳችን አንድ አብነት ልጥቀስ። ክብ ሆኖ የሚሠራው ቤተ ክርስቲያናችን ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስትና መቅደስ ተብሎ በሦስት ይከፈላል፤ ከውጭ ወደ ውስጥ በተገባ ቍጥር የሚገባው ሰው ቍጥር እያነሰ፣ የሥፍራውም ክብር እየጨመረ ይሄዳል፤ ማንም ሰው ወደ አንደኛው ለመግባት የሌላውን ሥርዓት አያውክም። የቤተ ሰብ መኖሪያም እንዲሁ ሦስት መዓርግ አለው፤ እንግዳ የሚደርስበት አለ፣ ቤተ ሰብ በኅብረት የሚውልበት አለ፣ እያንዳንዱ ሰው ለብቻው የሚያርፍበት አለ። እነዚህ ሦስቱ በቅደም ተከተል ከተቀመጡ ጠባብ ቤት እንኳ ሰላም ይኖረዋል፤ ከተደበላለቁ ግን፣ ማለትም ወደ መታጠቢያ ቤት ለመሄድ እንግዶች በተቀመጡበት መካከል ማለፍ ካስፈለገ፣ ወይም የመኝታ ቤቱ በር ከሳሎኑ ሶፋ ፊት ለፊት ከተከፈተ፣ ሰፊውም ቤት ጠባብ ይሆናል።

አሁን ነገሩን በቍጥር እንመርምረው። የግድግዳውን ውፍረት ለጊዜው ትተን የወለሉ ስፋት 72 ካሬ ሜትር የሆነ፣ አባት፣ እናት፣ ሦስት ልጆችና አንዲት አያት የሚኖሩበትን ቤት እናስብ። በተለመደው አሠራር ሳሎኑ 28 ካሬ ሜትር ይሰጠዋል፤ ከሳሎኑ ተነሥቶ ወደ መኝታ ቤቶቹ የሚወስደው ኮሪደር ደግሞ ወርዱ 1.20፣ ርዝመቱ 8 ሜትር ይሆናል። የኮሪደሩ ስፋት ሲሰላ 9.6 ካሬ ሜትር ነው፤ ይህም 3 ሜትር በ3.20 ሜትር ከሆነ አንድ የልጆች መኝታ ቤት ጋር ፍጹም እኩል ነው። እንግዲህ ያ ቤት አንድ ሙሉ መኝታ ቤት ለመተላለፊያ ሠዋ ማለት ነው፤ ሳሎኑና ኮሪደሩ ሲደመሩም 37.6 ካሬ ሜትር ስለሚሆኑ፣ ከቤቱ ከግማሽ በላይ የሆነው ሰው በማይተኛበት፣ ወጥ በማይሠራበት፣ ልጅ በማያጠናበት ወለል ተወሰደ። ለስድስቱ ሰዎች መኝታ፣ ለማድ ቤቱ፣ ለመታጠቢያውና ለሽንት ቤቱ የተረፈው 34.4 ካሬ ሜትር ብቻ ነው። ከዚህ በኋላ ሦስቱ ልጆች በአንድ አልጋ ቢጋፉ፣ አያትም ሳሎን ውስጥ ፍራሽ ቢነጠፍላቸው ምን ያስደንቃል?

ያንኑ 72 ካሬ ሜትር በሌላ ሥርዓት እናከፋፍለው። ሳሎኑና የመመገቢያው ሥፍራ ተዋሕደው 22 ካሬ ሜትር ይሁኑ፤ ማድ ቤቱ 10፣ የወላጆች መኝታ ቤት 12፣ የልጆቹ 10፣ የአያት 9፣ መታጠቢያ ቤቱ 4፣ ሽንት ቤቱ ለብቻው 2 ካሬ ሜትር ይሰጣቸው፤ የቀረው 3 ካሬ ሜትር የመኝታ ቤቶቹና የመታጠቢያው በሮች በአንድነት የሚከፈቱበት ትንሽ መገናኛ ይሁን። ድምሩ ያው 72 ነው፤ ከመሬቱ አንዲት ክንድ አልጨመርንም፤ ነገር ግን ሦስት መኝታ ቤት አግኝተናል። ምሥጢሩ ረጅሙ ኮሪደር በቤቱ መካከል ወደሚገኝ አጭር መገናኛ መለወጡ፣ ክፍሎቹም በዙሪያው መሰብሰባቸው ነው። ሽንት ቤቱ ከመታጠቢያው መለየቱም ያለ ምክንያት አይደለም፤ ጧት አንዱ ሲታጠብ ሌላው በር ላይ ቆሞ የሚጠብቅበት የስድስት ሰው ቤት፣ በዚህች በ2 ካሬ ሜትር ክፍል ሁለተኛ መታጠቢያ የመሥራት ያህል ዕረፍት ያገኛልና።

ከቤቱ ክፍሎች ሁሉ ይልቅ የሚበደለው ማድ ቤት ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1926 ማርጋሬቴ ሹተ ሊሆትስኪ የተባለች ኦስትሪያዊት የሕንፃ ነዳፊ፣ በጀርመን አገር በፍራንክፈርት ከተማ ለሚሠሩት የሠራተኞች መኖሪያ ቤቶች ወርዱ 1.9፣ ርዝመቱ 3.4 ሜትር ገደማ የሆነ ማድ ቤት ነድፋ ነበር፤ ሴቲቱ ያደረገችው ታላቅ ነገር የክፍሉን ጥበት መፈልሰፍ አልነበረም፤ ወጥ የምትሠራዋን ሴት እርምጃና የእጅ እንቅስቃሴ ሁሉ ለክታ፣ መክተፊያው፣ ማጠቢያውና ምድጃው በሥራው ቅደም ተከተል እንዲቀመጡ ማድረጓ ነው። እኛ ልንወስደው የሚገባን ይህን የመለካት ሥርዓት እንጂ መልኩን አይደለም። የኛ ማድ ቤት የራሱ ሥራ አለው፤ ወርዱ 60 ሳንቲ ሜትር ያህል የሆነ የኤሌክትሪክ ምጣድ ቋሚ ቦታ፣ ከጎኑም የሊጡ ቡሃቃና የሚወጣው እንጀራ የሚያርፍበት ሥፍራ ያሻዋል፤ ለቁሌት የሚጣደው ሽንኩርት ከበርበሬው ጋር ሲንተከተክ ሽታው ቤቱን ሁሉ እንዳይሞላው ወደ ውጭ የሚከፈት ሰፊ መስኮት ያስፈልገዋል፤ ጤፉ በኩንታል፣ ሽሮውና በርበሬው ተፈጭቶ የሚቀመጥበት 1.5 ሜትር በ1.5 ሜትር የሆነች ጓዳም ብትጨመርለት ከውድ ዕቃ ሁሉ ትበልጣለች። በዘመኑ ፋሽን ማድ ቤትን ከሳሎን ጋር ያለ ግድግዳ ማገናኘት ቦታ የሚቆጥብ ይመስላል፤ ነገር ግን የምጣዱ ሙቀትና የቁሌቱ ሽታ ከመጋረጃውና ከሶፋው ጨርቅ ሳይለቅ ሲቀር፣ ባለቤቶቹ በበረንዳው ላይ ሌላ ማድ ቤት በቆርቆሮ ለመሥራት ይገደዳሉ፤ እንዲህ ሲሆን የተቆጠበው ቦታ እጥፍ ሆኖ ይወጣል። ይልቅስ በመካከሉ የሚንሸራተት የመስተዋት በር ቢደረግ ብርሃኑ ይተላለፋል፣ እናት ከልጆቿ ጋር እየተያየች ትሠራለች፣ ጢሱ ግን በቦታው ይቀራል።

ከዚህ ቀጥሎ በዓይን የማይታዩ የሚመስሉ፣ ሲደመሩ ግን ክፍል የሚያህሉ ነገሮች አሉ። ሸክም የማይሸከም የውስጥ ግድግዳ በ20 ሳንቲ ሜትር ብሎኬት ከሚሠራ መሐንዲሱ ሲፈቅድ በ15 ቢሠራ፣ በ40 ሜትር ግድግዳ ላይ 2 ካሬ ሜትር ይተርፋል፤ ይህም ከላይ ለሽንት ቤቱ የሰጠነው ስፋት ነው። ወርዱ 90 ሳንቲ ሜትር የሆነ በር ሲከፈት ከግማሽ ካሬ ሜትር በላይ ወለል ይጠርጋል፤ ስለዚህ በጠባብ ክፍል በሩ ወደየት እንደሚከፈት፣ ሲከፈትም ቁም ሣጥኑን ወይም አልጋውን እንዳይነካ በንድፉ ላይ መሳል አለበት። በሁለት መኝታ ቤቶች መካከል ጥልቀቱ 60 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቁም ሣጥን ከግድግዳው ጋር አብሮ ቢሠራ፣ ዕቃ መያዣም ይሆናል፣ የአንደኛውን ክፍል ድምፅ ከሌላው ይከላከላል። ማድ ቤቱ፣ መታጠቢያ ቤቱና ሽንት ቤቱ ጀርባ ለጀርባ ቢሆኑ፣ ቤቱም ባለ ፎቅ ከሆነ የላይኛው መታጠቢያ በታችኛው አናት ላይ ቢያርፍ፣ የውኃው መስመር ያጥራል፣ የሚያንጠባጥብበትም መጋጠሚያ ያንሳል። የውኃ ማጠራቀሚያ ሮቶ የት እንደሚቆም አስቀድሞ ያልታሰበበት ቤትም፣ ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ውስጥ የግቢውን መኪና ማቆሚያ ወይም የመኝታ ቤቱን መስኮት ለሮቶው ሲለቅ እናየዋለን።

ባለ ፎቅ ቤት ለሚሠራ ሰው ደግሞ ዋናው ጥያቄ ደረጃው ነው። የወለሉ ከፍታ 3 ሜትር ቢሆን፣ እያንዳንዱ እርከን ከፍታው ወደ 17 ሳንቲ ሜትር፣ መርገጫውም 28 ሳንቲ ሜትር የሆነ 18 እርከን ያስፈልጋል፤ ይህ በሁለት ታጥፎ ሲሠራ ከየወለሉ ወደ 7 ካሬ ሜትር ይወስዳል። ስለዚህ ደረጃው በሳሎኑ መካከል ለጌጥ ከሚዘረጋ ወደ ግድግዳው ቢጠጋ፣ ሥሩም ለዕቃ ቤት ወይም ለሽንት ቤት ቢውል ይሻላል። ከዚህም ጋር ሊዘነጋ የማይገባው፣ አረጋውያን ወላጆች የሚያርፉበት ክፍል በምድር ወለል ላይ፣ ለመታጠቢያውም ቅርብ መሆን እንዳለበት ነው፤ ገና ጎሕ ሳይቀድ ለኪዳን የሚነሡ እናት ልጆቹን ሳይቀሰቅሱ፣ በጨለማም ደረጃ ሳይወርዱ ወደ ደጃፍ እንዲደርሱ ማድረግ ከበጎ ምግባር የሚቆጠር የንድፍ ሥራ ነው።

በዚህ ሥፍራ አንድ ነገር በግልጽ መናገር ይገባኛል። በብዙ ንድፎች ላይ «የሠራተኛ ክፍል» ተብሎ የሚታየው ሥፍራ 2 ሜትር በ2 ሜትር እንኳ የማይሞላ፣ መስኮት የሌለው፣ አልጋ ከገባበት በኋላ በሩ በቅጡ የማይከፈት ነው። ልጆቻችንን የምታሳድግ፣ እንጀራችንን የምትጋግር ወጣት ሴት አየር በማይገባበት ሣጥን ውስጥ እንድታድር እየፈረድን ሳሎናችንን ለሶፋ ስናሰፋ፣ ያ ቤት ስንት ካሬ ሜትር ቢሆን የፍትሕ ቤት ሊባል አይችልም። ከ28 ካሬ ሜትሩ ሳሎን ሁለቱ ቢቀነሱ የእርሷ ክፍል መስኮትና የልብስ ማስቀመጫ ያገኛል። ቦታን መቆጠብ ማለት ከደካማው ቀንሶ ለኃያሉ መጨመር አይደለም፤ ከትምክሕት ቀንሶ ለሰው መስጠት ነው።

ብርሃንም የቦታ ያህል ነው፤ ፀሐይ የሚገባበት 9 ካሬ ሜትር ክፍል፣ ጨለማ ከሆነው 12 ካሬ ሜትር የሰፋ ሆኖ ይታያልና። አዲስ አበባ ከምድር ሰቅ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ የቀትር ፀሐይ ከነሐሴ ማብቂያ እስከ ሚያዝያ መጀመሪያ ድረስ ወደ ደቡብ አዘንብላ ትውላለች፤ ሌሊቱ እጅግ በሚበርድባቸው በኅዳርና በታኅሣሥ ወራት ቤቱን የምታሞቀው ወደ ደቡብ በተከፈተው መስኮት በኩል ነው። የመኝታ ቤቶቹ መስኮት ወደ ምሥራቅ ቢሆን ነዋሪዎቹ የጧቱን ፀሐይ ያገኛሉ፤ የልጆች ማጥኛ ጠረጴዛ በመስኮት ሥር ቢቀመጥ ቀኑን ሙሉ አምፑል ማብራት አያስፈልግም። ንድፉ ከሌላ ግቢ ተገልብጦ የመጣ ከሆነ ግን፣ በዚያ ግቢ ወደ ምሥራቅ የነበረው መስኮት በዚህ ግቢ የጎረቤት ግድግዳ ፊት ለፊት ይሆናል።

«እንግዳን ማክበር የአባቶቻችን ልማድ ነውና ሳሎን ሰፊ ሊሆን ይገባል» የሚል መልስ እንደሚሰጠኝ አውቃለሁ፤ ልማዱንም ከማንም ባላነሰ አከብራለሁ። ነገር ግን አብርሃም ሥላሴን የተቀበለው በድንኳኑ ደጃፍ፣ ከዛፍ ጥላ ሥር ነበር፤ እንግዳን የሚያስከብረው የተቀባዩ ፊትና የቀረበለት ማዕድ እንጂ የአዳራሹ ርዝመት እንዳልሆነ ከዚህ የበለጠ ምስክር አያሻም። ለሠርግም ሆነ ለለቅሶ ሕዝብ በሚበዛበት ቀን እድራችን ድንኳኑንና አግዳሚ ወንበሩን ይዞ ይደርሳል፤ በዓመት ጥቂት ቀን ለሚመጣው ሕዝብ የሚሆነውን ቦታ በኅብረት መያዝ አባቶቻችን ያቆዩልን ታላቅ ጥበብ ነው። በ1990ዎቹ ዓመታት ማብቂያ በተጀመረው የኮንዶሚኒየም ሥራም ይኸው አሳብ ታይቷል፤ በየመንደሩ ለበግ ማረጃ፣ ለልብስ ማጠቢያ፣ ለእንጀራ መጋገሪያ የሚሆን የጋራ መገልገያ ቤት የተሠራው፣ እያንዳንዱ ቤተ ሰብ በጠባብ ቤቱ ሊያደርገው የማይችለውን በአንድነት እንዲያደርግ ነበር። እነዚህ የጋራ ቤቶች ለሌላ አገልግሎት በሚውሉበት ቦታ ሁሉ፣ የተነጠቀው የነዋሪው የቤቱ አንድ ክፍል መሆኑን ልንገነዘብ ይገባል። በዘወትር ቀን ለሚመጣ እንግዳ ደግሞ ከማዕዱ ሥፍራ ጋር የተዋሐደው 22 ካሬ ሜትር ሳሎን ከበቂ በላይ ነው፤ ረከቦቱ ቀርቦ ጀበናው እስኪፈላ ድረስ ጎረቤት በዙሪያው ተቀምጦ ይጫወታል፤ ግዙፉ ቡፌና ማንም የማይቀመጥበት ሦስተኛው ሶፋ ከወጡ ደግሞ ሥፍራው ይተርፋል።

እንግዲህ ቤት ሊሠራ ያሰበ አባወራና እማወራ፣ ወደ ነዳፊው ከመሄዳቸው አስቀድሞ አንድ ሳምንት ሙሉ የቤተ ሰባቸውን ውሎ ይጻፉ፤ ማን በስንት ሰዓት ይነሣል፣ ማን የት ይበላል፣ ማን የት ያጠናል፣ ስንት እንግዳ በስንት ቀን ይመጣል፣ ስንት ኩንታል እህል ይገባል የሚለውን ለነዳፊው ከካርታው ጋር ይስጡት። ከዚያም አልጋውን፣ ቁም ሣጥኑን፣ ምጣዱን ለክተው፣ የታሰበውን ክፍል በግቢው መሬት ላይ በኖራ አስምረው በእግራቸው ይርገጡት፤ በወረቀት ላይ ያልታየው ጥበት በእግር ሲረገጥ ይታወቃልና። ነዳፊዎችና መሐንዲሶችም ከአሮጌ ፋይል የወጣ ፕላን ስም ቀይሮ መስጠትን ትተው፣ ደንበኛቸው «ሳሎኑን አስፋልኝ» ሲላቸው የሚቀነሰው ከማን መኝታ ቤት እንደሆነ በቍጥር ሊያሳዩት ይገባል፤ የሙያው ክብር ደንበኛን ደስ በማሰኘት ብቻ ሳይሆን እውነቱን በመንገር ይጠበቃልና። የከተማ አስተዳደር ጽሕፈት ቤቶች ደግሞ ለ140ና ለ175 ካሬ ሜትር ይዞታ የሚስማሙ፣ በጥንቃቄ የተጠኑ ጥቂት የአብነት ንድፎችን አሳትመው ነዳፊ ለመቅጠር አቅም ለሌለው ሰው በነፃ ቢያድሉ፣ ወጪው ትንሽ፣ ጥቅሙ ግን የብዙ ሺህ ቤተ ሰብ ይሆናል።

ንድፉ ተጠናቆ ለፊርማ በቀረበ ጊዜ የቤቱ ባለቤት በእያንዳንዱ ክፍል ላይ ጣቱን እያሳረፈ «ይህ ለማን ነው? በቀን ስንት ሰዓት ያገለግለዋል?» ብሎ ይጠይቅ፤ መልስ ያጣለትን ሥፍራ ከንድፉ አስወጥቶ፣ ከልጆቹ፣ ከአረጋውያኑና ቤቱን ከምታገለግለው ሠራተኛ መካከል ቦታ ለጎደለበት ሰው ይስጥ፤ ይህን ሳያደርግ ግን አይፈርም።